የይሄይስ ጥጥ

አበሩ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጋርዳ ከጎኗ ለተቀመጠችው ሴት አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ሴትዮዋ ደረቷን ይዛ «በስመ አብ» አለችና ወደ ቀጣይዋ አስተላለፈችው። ቀጣይዋም ለቀጣይዋ። ሰብለወርቅ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ነገሩን በዓይኗ ተከተለችው። ድንኳኑን ዞሮ እሷ ጋ ሲደርስ ዘሏት አለፈ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«ምንም» አለች አበሩ፣ ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ።

«ምንም ከሆነ ለእኔም ይድረሰኛ።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዷ ንፍሮ ዘገነች። የዕድሩ ድንኳን ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር ውስጥ በጠባቡ መንገድ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥሯል፤ ከቤት በተሳበ ሽቦ የሚሽከረከር ማራገቢያ ትኩሱን አየር ከአንዱ ለቀስተኛ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል። በዚህ ሙቀት ጥቁር ለብሶ መዋል ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። ሰብለወርቅን ግን ያነደዳት ሙቀቱ አልነበረም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ በፊቷ ሹክሹክታ ይዟል፤ ከሁሉም የባሰችው ደግሞ ከድሬዳዋ ለቅሶ ብላ የመጣችው የባሏ እህት አበሩ ናት።

እውነቱን ለመናገር ሹክሹክታው የጀመረው ይሄይስ ከሞተ ወዲህ አይደለም። ሰብለወርቅ ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ጅቡቲ ውስጥ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ጠፍቷል ባይ ናት። ባለሱቁ ያጉተመትማል። ቄሱ ቅዳሴውን ይውጡታል። የቴሌቪዥን ዜና አንባቢዎች ጥርሳቸውን ላለማሳየት የተማማሉ ይመስላሉ። እንደ ሰው የምታወራው ጎረቤቷ ሙሚና ብቻ ናት፤ ሙሚና ስታወራ ካርቲየ 7 ቢስ ድረስ ይሰማል ብሎ ሰፈርተኛው ይቀልድባታል። ሰብለወርቅ የሙሚናን ጉርብትና ለምን ይህን ያህል እንደምትወደው ቆም ብላ አስባው አታውቅም።

በግራዋ በኩል ያለውን የፍራሹን ቦታ ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቀደችም። ሲጠይቋት «ይሞቀኛል» ትላለች።

ይሄይስ የሞተው ዓርብ ዕለት፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። እሷን የከነከናት ግን ቦታው ነው። ሰው ቤት እያለው፣ አልጋ እያለው፣ ሚስት እያለችው እንዴት ሱቅ ሄዶ ይሞታል? ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ «የት ነበሩ?» ብሎ ሲጠይቅ «ሱቅ» ብላ መመለሱ አሳፍሯት፣ በመጨረሻ «ከተማ ወጥቶ ነው» ማለት ጀምራለች።

ዓርብ ዓርብ እንዲህ ነበር። ከተማው ጫቱን ይዞ ሲጋደም፣ ይሄይስ ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ አንዲት ካሴት ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይወጣል። «ወዴት?» ትለዋለች። «አምፕሊፋየር ልሞክር» ይላታል። ለቤት የሚሆን የሙዚቃ ማጉያ እየመረጠ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ነገሩን አልጠላችውም፤ ሰው ዕቃ ያያል፣ ይሞክራል፣ ይገዛል ወይ ይተዋል። ይሄይስ ግን ሲሞክር በጋው አለፈ፣ ሌላው በጋ መጣ፣ ቤቱ የገባ ነገር የለም። «የዛሬውስ?» ስትለው ሁልጊዜ ሰበብ አለው። አንዱ ደህና ነው፣ ግን ቃል አይለይም። ሌላው ድምፁ ያምራል፣ ግን ሆድ ይበዛዋል። ሆድ የሚበዛው ምን ዓይነት ዕቃ ነው ብላ ያን ቀን ስታኮርፍ አመሸች። ከዚያ በኋላ በልቧ «ሴት አለች» ብላ ቆረጠች፤ ለሴት ካልሆነ ማን ዓርብ በዚያ ንዳድ ሸሚዝ ይቀይራል?

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ድሮ እሱ የባቡሩ ጋራዥ መካኒክ ሳለ፣ ከሥራ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ቴፑን ይከፍት ነበር። ክራር የምትመታ የአንዲት ሴት ካሴት ነበረቻቸው። ሰብለወርቅ ሳህን እያጠበች ስንኙን ከዘፋኟ ቀድማ ትጨርሰዋለች፤ ይሄይስም «እሷን ልቀቂያትና ትዝፈንበት» ይላታል። በኋላ ባቡሩ ቆመ፣ እሱም ወደብ ላይ ከአንድ ዕቃ አስተላላፊ ጋር ሥራ ገባ። ዘፈኑም ቀስ በቀስ ጫጫታ ሆነባት። «ዝጋልኝ፣ ራሴን ወቀረኝ» ትለዋለች፤ ይዘጋል። ከዚያ ሳትለው መዝጋት ጀመረ። በመጨረሻ ጭራሹን ተወው። ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ ጭርታው አናደዳት። ከእኔ ጋር መጫወት ጠልቶ ነው አለች።

ሌላም አመል አመጣ። ፍራሽ ላይም ይሁን ታክሲ ውስጥ፣ አልጋ ላይም ጭምር፣ በግራዋ ካልሆነ አይቀመጥም። ቤታቸው ውስጥ ግራው የመስኮቱ ወገን ነው። «ነፋሱን ብቻህን ልትጠጣው ነው?» ብትለው ይስቃል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ይህንንም ይዛበት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወሰኑን ጠራችው። ወሰኑ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ ዕቃ ሲጭን ወረቀቱን የሚጨርስለት ይሄይስ ነበር፤ መኝታ ባጣ ጊዜም እዚሁ ቤት ነው የሚያድረው። ከቀብሩ ጀምሮ መኪናውን ከከተማ ውጪ አቁሞ አልተመለሰም። ሬሳውን ከገነዙት ወንዶች አንዱ እሱ ነው።

መጥቶ በቀኟ በኩል በርከክ አለ።

«አበሩ የምታዞረው ነገር ምንድን ነው? ካንተ ነው የሰማችው።»

ወሰኑ መሬት መሬቱን እያየ አጉተመተመ።

«አፍህን ሞልተህ ተናገር።»

«እትዬ ሰብለ፣ ጊዜው አይደለም…»

«ባሌ ነው። ስለ ባሌ ድንኳኑ ሁሉ አውቆ እኔ የማላውቀው ነገር አይኖርም። ተናገር።»

«ጋሽ ይሄይስን ስንገንዛቸው» አለ ወሰኑ። እንድትሰማው ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርገው አመለጠውና ድንኳኑን ሞላው። «ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ነበር። እኛ አላደረግንም። በሁለቱም ጆሯቸው ጥጥ ጠቅጥቀው ነው የሞቱት።»

ካርታ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች እጃቸው ላይ ያለውን እንደያዙ ቀሩ። ጥጥ የሬሳ ነው፤ ሲገንዙት ነው የሰው ጆሮ በጥጥ የሚደፈን። በቁሙ ጆሮውን ደፍኖ ሱቅ የሚቀመጥ ሰው ማን ሰምቶ ያውቃል? አንድ ሽማግሌ «ሞቱን አውቆ ራሱን ገንዟል፤ እንዲህ ያሉ ጻድቃን ነበሩ» አሉ። ከሴቶቹ አንዷ «መድኃኒት ቢያደርጉበት ነው» አለች። ነገሩ አሁን በሹክሹክታ መሆኑ ቀርቶ ገበያ ወጣ።

«ተዉት እባካችሁ» አለች አበሩ፤ እሷም ድምጿን አልቆጠበችም። «ወንድሜ ጻድቅም አልነበረ፣ መድኃኒትም አልነካው። ምላስ በዝቶበት ነው። ቀን ከሌት የሚጮኽበት ሰው ምን ያድርግ? ጆሮውን ይደፍናላ። ዕረፍት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ሞተ፤ አለቀ።»

ይህን ሰብለወርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ቀኑን ሙሉ ድንኳኑን ሲዞር የዋለው ለካ ይሄ ነው።

ብድግ አለች። ሙሚና ከኋላ ወገቧን ያዘቻት።

«አዎ እጮኻለሁ» አለች ሰብለወርቅ። «ጮኼ ነው ያኖርኩት። ታሞ ሲተኛ በጩኸት ነው ያበላሁት፣ ሥራ ሲያጣ በጩኸት ነው ያስነሳሁት። አንቺ በስልክ ስታለቅሺ ነው እንጂ አንድ ቀን መጥተሽ አይተሽዋል? ወንድሜ ዝም ያለ ቤት ፈልጎ ነው እንዳትይኝ።»

«ወላሂ ተቀመጪ» አለች ሙሚና በጆሮዋ። «ሐዘን ነው። ሐዘን ሲያልፍ ትደበድቢያታለሽ።»

ተቀመጠች። ነገር ግን የተናገረችው ሁሉ ለሌላው እንጂ ለራሷ አልበቃትም። እንደምትጮኽ ታውቃለች። ካልጮኸች የሚመልስላት ያለ አይመስላትም። እና እውነት ቢሆንስ? ሠላሳ ዓመት አብሯት የተኛ ሰው ከእሷ ድምፅ ለመሸሽ ጥጥ ገዝቶ ከሆነስ? ከዚህ ሁሉ ሴት ብትኖር ትመርጣለች። ሴት ብትሆን ፀጉሯን ትነጭላት ነበር፤ ጥጥን ምን ያደርጉታል? ከዚያ ወዲያ የቀረበላትን እህል አልቀመሰችም። ለቀስተኛው ከሐዘን ነው አለ። እሷ ግን በሟቹ ላይ ተናዳ ነበር፤ ተነስቶ መልስ እንዲሰጣት ፈልጋ።

ሣልስቱ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁሉም ወደ ድንኳኑ ሲያመራ፣ ሰብለወርቅ መንገዱ ዳር ቆማ ታክሲ አስቆመች።

«ወዴት ነው?» አለች አበሩ።

«የሞተበት ቦታ።»

«ሐዘንተኛ ሱቅ አይሄድም። ሰው ምን ይላል?»

«ሟች ሱቅ ከሞተ ሐዘንተኛም ሱቅ ይሄዳል» አለቻትና ወደ ወሰኑ ዞራ፣ «አንተ፣ ግባ» አለችው። ወሰኑ ሁለቱን ሴቶች አፈራርቆ አየና፣ ይበልጥ የምታስፈራውን መርጦ ገባ።

ሱቁ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ጠባብ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ አምፕሊፋየር ተደርድሯል፣ ከዱባይ በኮንቴይነር የመጣም አለ፣ አገራቸው የሚገቡ ፈረንሳዮች ሸጠውት የሄዱትም። ከመሃል አንድ ወንበር ብቻ አለ። ከፊቱ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል። ወንበሩን በንዴት አለፈችው።

ባለሱቁ ነቢል ሽርጡን እያስተካከለ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣ። አባቱ የመናዊ ነው፣ እሱ ግን ድሬዳዋ ነው ያደገው፤ አማርኛው ከእሷ አያንስም። ጥቁሩን ልብስ ሲያይ ማን እንደሆነች አልጠየቀም። ዞሮ በግራዋ በኩል መጣና ፊቷን እያየ ቆመ።

«ይሄይስ ሚስት ነሽ» አለ። «አላህ ያጽናሽ።»

«ለቅሶ እንኳ አልደረስክም።»

«ቀብሩ ላይ ነበርኩ አቦ፣ ከኋላ። ድንኳኑ መምጣት ፈራሁ። ባልሽ እኔ ሱቅ ሞቶ ምን ብዬ ፊትሽ ልቀመጥ?»

ረጋ ብሎ፣ ከንፈሩን ከፈት እያደረገ ነው የሚያወራው። ቢያንስ ይሄኛው አፉን ሞልቶ ይናገራል አለች በልቧ፤ ቁጣዋ ትንሽ ሊቀንስ ሲል ያዘችው።

«ሴት አለች?»

«የት?»

«እዚህ። ዓርብ ዓርብ የሚመጣላት።»

ነቢል ዙሪያውን የተደረደረውን ዕቃ አየ። «እዚህ ያለው ይሄ ብቻ ነው። ሁሉንም ሞክሯል፤ ቤተሰቡ ናቸው ብልሽ ይሻላል።»

«ጥጡስ?»

ሰውየው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ተበላሸ። ከወንበሩ አጠገብ ወዳለው መደርደሪያ በአገጩ አመለከታት። በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ጥጥ ተቀምጧል፤ ጫፉ ተቦጭቋል።

«ያ የሱ ነው» አለ። «ዕድሜዬን ዕቃ ስሸጥ አምፕሊፋየር ሊሞክር መጥቶ ጆሮውን የሚደፍን ሰው አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ቀን ያበደ መሰለኝ። የቤቱን ምርጥ ዕቃ ከፍቼለት እሱ ጥጡን ቦጨቀና ጠቀጠቀ። ‹ምን ሆነሃል?› አልኩት። ‹እንደሷ ልስማው› አለኝ።»

«እንደማን?»

«እንዳንቺ።»

በሩ ላይ የቆመው ወሰኑ ወደ ውጪ ዞረ።

«እኔ ምን ሆኜ?» አለች ሰብለወርቅ። ድምጿ ሱቁን ነቀነቀው።

መልሱ ከራሷ መጣ፤ አንድ ጊዜ ይሄይስ ሐኪም ቤት የወሰዳት ቀን። ጆሮዋ ላይ ነገር አጥልቀውባት፣ ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ሲያብራራ፣ ይሄይስ እየተረጎመላት፣ በመጨረሻ የባቄላ ፍሬ የምታህል የጆሮ መስሚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። አንስታ ወረወረቻት። «ደንቆሮ ልታደርጉኝ ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እናንተ ናችሁ የምታጉተመትሙት» ብላ ደረጃውን ብቻዋን ወረደች። ይሄይስን ብዙ ቀን ዘጋችው። እሱም ከዚያ ወዲህ ስለ ጆሮ አንስቶ አያውቅም። ዓርብ ዓርብ መውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ እንደነበር አሁን ገባት።

«እንዳትመጪ ፈርቶ ነበር» አለ ነቢል። «‹አንድ ቀን ልትደባደብህ ትመጣ ይሆናል፤ ከመጣች በግራዋ ቁም፣ አፍህን እያየች ታውራህ፣ ግን አትጩህባት፤ ከጮህክባት ታውቅብሃለች› ብሎኛል።»

ሰብለወርቅ ወደ ግራዋ አየች። ሰውየው እዚያ ነው የቆመው። መስኮቱ ትዝ አላት፣ ነፋሱ፣ እሷ ስትነዘንዘው የሚስቀው ሳቅ። በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ጋለ።

«ሁሉም ሰው የሚፈልገው ቤዝ ነው፣ ሆድ ያለው ወፍራም ድምፅ» ነቢል ቀጠለ፤ ማውራት ሳይቀለው አልቀረም። «ደረቴን ምታልኝ፣ ግድግዳውን አርግፍልኝ ይላል። ይሄይስ ቤዙን ወደ ታች፣ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ላይ። ዕቃዬን ሰደብከው ብዬ ተጣልተናል። የሚያዳምጠው የክራሯን ሴትዮ አፍ ነው፤ ‹ሰ› ስትል ‹ሰ› መሆኑን፣ ‹ፈ› ስትል ‹ፈ› መሆኑን። ሰርግ የሚያስጨፍር ዕቃ ከፍቼለት ‹ድምፅ ሞልቷል፣ ቃል የለም› ይለኛል። አብዛው ስለው ‹ጩኸት ራሷን ያማታል› ይላል። በዚህ የተነሳ አንዱን ሲጥል ሌላውን ሲያነሳ ከረመ።»

ድምፅ ሞልቷል፣ ቃል የለም። ሰብለወርቅ ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። በቅዳሴ ላይ፣ በገበያ ላይ፣ በድንኳኑ ውስጥ የምትኖረው ይሄንኑ ነው። እሱ ጥጥ ጠቅጥቆ ገብቶ አየላት።

«ገዝቶት ቢመጣስ ምን ሊለኝ ነበር?» አለች። «እኔ ልቀበለው?»

«ለአንቺ ነው አይልማ። ‹ባቡሩ አደነቆረኝ፤ ጋራዥ ውስጥ ያጣሁት ጆሮ አሁን ጣለኝ፤ ቃሉ እንዲለይልኝ ነው የገዛሁት፣ አንቺም ከፈለግሽ አብረሽኝ ስሚ› ነው የምላት አለኝ። እንዲያውም እዚህ ቆሞ ይለማመዳል። እኔ አወራዋለሁ፤ እሱ ‹ኧ? ምን አልሽ?› ይላል። ወላሂ፣ መደንቆር ይለማመድ ነበር።»

«ውሸታም» አለች ሰብለወርቅ። ወንበሩን እያየች ነው። «ውሸታም። ሞኝ ውሸታም።»

እንባዋ መጣ። ለቀብሩ ያልመጣው ነው። በነጠላዋ ስትጠርገው ቁጣዋ አብሮ አልተጠረገም። ይህን ሁሉ ዓርብ፣ ይህን ሁሉ ልፋት፣ እሷ ኩርፊያ ስትቆጥርበት። አንድ ጊዜ እጇን ይዞ «ሰብሊ፣ አትሰሚም» ቢላት ምን ነበር? ከዚያ ሐኪም ቤቱ እንደገና ትዝ ይላታል፤ ብሏት ነበር።

«የትኛው ነው?» አለች። «የመጨረሻው።»

ነቢል ከታች ያለውን አሳያት። ፊቱ የተፋቀ አሮጌ የጃፓን ዕቃ ነው፤ ጥግ ላይ ቀይ መብራት ይበራል።

«አላጠፋሁትም» አለ። «ያን ለት ‹ይሄ ነው› ብሎ እጁን እንዲህ አነሳ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሲያዳምጥ ሰው እንዲያናግረው አይወድም፤ ካሴቱ እስኪያልቅ ተውኩት። ቀጭ ብሎ ቆመ። አልተነሳም። ይዘውት ከወጡ በኋላ ላጠፋው ስል እጄ እምቢ አለኝ።»

የጅቡቲን የመብራት ክፍያ ውድነት የሚያውቅ ሰው፣ ነጋዴ እንዲህ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሰብለወርቅ መዳፏን ዕቃው ላይ አሳረፈች። ይሞቃል።

«ክፈተው።»

«ሐዘን ላይ ነሽ እኮ። ዘፈን…»

«ባሌን የገደለውን ልስማው። ክፈተው ብያለሁ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ወሰኑ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ የሐበሻ ሰው ቢያልፍ ከሩቅ እንዲያየው አንገቱን አወጣ። ነቢል ካሴቷን አዙሮ ከተተ።

መጀመሪያ ክራሩ መጣ። ራሷን ሊወቅራት ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች። አልወቀራትም። ከዚያ ሴትዮዋ ገባች፤ ከመንገድ የዘገየ ሰው ላይ የምትቆጣበት ዘፈን ነው። ለዓመታት ጉም ሆኖባት የነበረው ድምፅ ውስጥ ቃሉ ቃል ሆኖ ወጣ፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ፣ ጫፍና ጫፉ ሳይቆረጥ። ሰብለወርቅ አልተነቃነቀችም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ከዘፋኟ ቀድሞ ሄደ። እንደ ድሮው ጨረሰችው። «እሷን ልቀቂያትና ትዝፈንበት» የሚላት አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው ሞቱ የገባት። አሁኑኑ ቤት ገብታ ልትጮኽበት ፈለገች፤ ለምን ደበቅከኝ ብላ፣ እንዴት ብትደፍረኝ ነው ብላ፣ የሰማችውን ሁሉ ልትነግረው። የሚጮኽበት ሰው የለም።

«ዝጋው» አለች።

ነቢል ዘጋው። «ከአርባው በኋላ እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ» አለ። «አሁን ሐዘን ቤት አይገባም።»

«ከዚያ በፊት ለሌላ ብትሸጠው ሱቅህን በላይህ ላይ ነው የምዘጋው።»

«ማን ይገዛዋል አቦ? ቤዝ የለው።»

ስትወጣ ጥጡን ከመደርደሪያው አንስታ በነጠላዋ ውስጥ ያዘችው።

ድንኳኑ ሞልቶ ጠበቃት። ወሬው ከታክሲው ቀድሞ ደርሷል፤ ሐዘንተኛዋ ሣልስቱን ትታ ሙዚቃ ቤት ሄደች። ሰብለወርቅ በሰው መሃል አልፋ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። አበሩ በቀኟ ናት። ነጠላዋን ወደ አፏ አንስታ ጎረቤቷን ልታናግር ዘንበል ስትል፣ ሰብለወርቅ ክንዷን ያዘቻት። ከጥጡ ሁለት ቦጭቃ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

«ጆሮሽ ውስጥ ክተቺው።»

አበሩ እጇን ልታራግፍ ምንም አልቀራትም። «የሬሳ ነገር ነው ይሄ።»

«የወንድምሽ ነው። ሲያዳምጥበት የነበረው። ክተቺው።»

ሰው ሁሉ ያያል። አበሩ ዙሪያዋን ብታይ የሚያድናት አላገኘችም። አንዱን ከተተች፣ ሌላውንም። ሰብለወርቅ የራሷን ነጠላ ጫፍ ወደ አፏ አንስታ፣ አበሩ ስታደርገው እንደነበረው ከንፈሯን ጋርዳ፣ በሹክሹክታ ተናገረች።

«ወንድምሽ ጆሮውን የደፈነው እኔ የምሰማውን ሊሰማ ነው።»

«ምን አልሽ?» አለች አበሩ። «አልሰማሁም።»

ሰብለወርቅ ደገመችው፤ ነጠላውን ከአፏ ሳታወርድ።

«ምን? ጮክ በያ፣ ድምፅሽ ይሰማኛል እንጂ ቃሉ አይለየኝም።»

«እኔም» አለች ሰብለወርቅ።

አበሩ የሴቶቹን ፊት ካየች በኋላ ቀስ በቀስ ገባት። ሰብለወርቅ እጇን ዘርግታ ጥጡን ከአበሩ ጆሮ አንድ በአንድ አወጣችው። ገና አልበረደላትም፤ ያንን የምላስ ነገር ገና ትከፍላታለች። ግን ይሄይስን በልጅነቱ የምታውቀው እዚህ ድንኳን ውስጥ እሷ ብቻ ናት፤ ስለ እሱ መስማት ደግሞ ፈለገች።

በግራዋ ያለውን ባዶ ፍራሽ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«በዚህ በኩል ዙሪ» አለች። «በቀኝ አልሰማም።»

አበሩ ተነስታ ዞረችና ይሄይስ ይቀመጥበት በነበረው ወገን ተቀመጠች። ሰብለወርቅ ጥጡን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ ነጠላዋንም ከግራ ጆሮዋ ላይ ወደ ኋላ መለሰችው።